እንቅልፍ አልመጣ ሲል፦ ከበርጫ እስከ ዱካክ

ድሬዳዋ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ሥራ የሚበዛብን ሙቀቱ በረድ ብሎ ሰው ወደ ደጅ ሲወጣ ነው። በሳምንት አንድ ሁለቴ የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ የእንቅልፍ ኪኒን ስጪኝ።»

ባለፈው እንዲህ ያለኝ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። ዕድሜው ሃያ አምስት ቢሆን ነው። ዓይኑ ደም መስሏል፣ ከንፈሩ ደርቋል። «አቦ እህቴ፣ ሦስት ሌሊት ሙሉ ዓይኔ አልከደን አለኝ» አለ። ጫት መቼ እንደቃመ ጠየቅኩት። ከምሳ በኋላ፣ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ከዚያስ? ሥራ ወጣ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ድካም ሲጫነው ሁለት ስኒ ቡና ጠጣ። ስድስት ሰዓት ላይ ተጋደመ። «ሰውነቴ ሞቷል» አለኝ፤ «ጭንቅላቴ ግን ከዚራ ሰፈርን ይዞራል።»

ከዚህ የተሻለ አገላለጽ መማሪያ መጽሐፍ ላይም አላገኘሁም። ሰውነቱ የሚለው እውነት ነው፣ ጭንቅላቱ የሚለውም እውነት ነው።

እንቅልፍ እምቢ ያለውን ሰው ብዙ ጊዜ «ሐሳብ አታብዛ» ብለን እናልፈዋለን። እሱም ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። እንቅልፍ ስለፈለጉት ብቻ አይመጣም። አንጎል ውስጥ አንዱ የኬሚካል ቡድን ሥራውን ለሌላው ሲያስረክብ ነው የሚመጣው። ርክክቡ ከተበላሸ ቢገላበጡ፣ ቢገላበጡ ዋጋ የለውም።

ከመሠረቱ ልጀምር። አንጎላችን ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉ። መልእክት በአንዱ ሴል ውስጥ የሚጓዘው በኤሌክትሪክ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለማለፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኬሚካል ያስፈልገዋል። ሁለቱ ሴሎች አይነካኩማ! በመካከላቸው በዓይን የማትታይ ክፍተት አለች። ኤሌክትሪኩ ጫፍ ሲደርስ ሴሉ ኬሚካል ይረጫል። ኬሚካሉ ክፍተቷን ይሻገርና ማዶ ያለው ሴል ላይ የተተከለ ተቀባይ ላይ ያርፋል፤ ቁልፍ ጓጉንቸሩን እንደሚያገኘው። ከዚያ ያ ሴል ወይ ይነቃቃል፣ ወይ ይረጋጋል።

ይህ የተረጋገጠበት መንገድ ራሱ ደስ ይለኛል። ኦስትሪያ ውስጥ ይሠራ የነበረ ኦቶ ሎዊ የሚባል ተመራማሪ አንድ ሌሊት ከእንቅልፉ ነቃ። የመጣለትን ሐሳብ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርጎ ተመልሶ ተኛ። ጠዋት የገዛ ጽሑፉን ማንበብ አቃተው። በማግስቱ ሌሊት ያው ሐሳብ ተመልሶ መጣ። ያኔ ጠዋትን አልጠበቀም፤ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ። የአንድ እንቁራሪት ልብ ምቱን እንዲቀንስ የሚያደርገውን ነርቭ ቀሰቀሰ። ልቡ ያረፈበትን ፈሳሽ ቀድቶ ሌላ ልብ ላይ አደረገ። ሁለተኛው ልብ ነርቩን ማንም ሳይነካው ቀስ አለ። ለካ ነርቩ ፈሳሹ ውስጥ የለቀቀው ነገር ነበር። ያ ነገር በኋላ አሴቲልኮሊን መሆኑ ታወቀ። ሙከራው በ1921 ታተመ፤ በ1936 ደግሞ ከሄንሪ ዴል ጋር ኖቤል አሸለመው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) አሴቲልኮሊንን ያዙልኝ። ሕልም ጋ ስንደርስ ይመለሳል።

የአንጎል ኬሚካሎች ሁሉም አንድ ዓይነት አካሄድ የላቸውም። አንዳንዶቹ ጎረቤት ከጎረቤት እንደሚያወራው ናቸው። ግሉታሜት ለቀጣዩ ሴል «ተነሥ» ይለዋል፣ ጋባ «ዝም በል» ይለዋል፤ በቅጽበት ያልቃል። ሌሎቹ ግን እንደ ድሬ ፀሐይ ናቸው። ፀሐይዋ ማንንም ለብቻ ጠርታ አታናግርም። ሰባት ሰዓት ላይ ከረር ስትል ግን ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ጥላ ይይዛል። ሁሉም በየራሱ ጉዳይ ላይ ነው፤ የሁሉም አካሄድ ግን ተቀይሯል። ኖርአድሬናሊን፣ ሴሮቶኒን፣ ሂስታሚን፣ ዶፓሚንና አሴቲልኮሊን አንጎል ላይ የሚሠሩት እንዲህ ነው።

የሚመነጩበት ቦታ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። ኖርአድሬናሊንን ብንወስድ፣ አብዛኛው የሚወጣው የአንጎል ግንድ ውስጥ ካለች ሎከስ ሴሩሊየስ ከምትባል ነጥብ ነው። ስሟ በላቲን «ሰማያዊ ቦታ» ማለት ነው። ሴሎቿ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው። ክሮቻቸው ግን አንጎልን ከዳር እስከ ዳር ያዳርሳሉ። ነቅተን ሳለን ሳያቋርጡ ምልክት ይልካሉ። እንቅልፍ ሲመጣ ይቀዘቅዛሉ። ሕልም የምናይበት እንቅልፍ ላይ ጭራሽ ዝም ይላሉ።

ሂስታሚንን ለማስረዳት ሩቅ አልሄድም፤ መደርደሪያዬ ላይ አለ። ለአለርጂ ወይም ለጉንፋን ክሎርፌኒራሚን የወሰደ ሰው ለምን ያንቀላፋል? ሂስታሚን ቆዳ ላይ ማሳከክ የሚያመጣው ኬሚካል ነው። አንጎል ውስጥ ግን ሥራው ሰውን ንቁ ማድረግ ነው። ክሎርፌኒራሚን ወደ አንጎል ይገባል፣ የሂስታሚንን ተቀባይ ይዘጋል። ስለዚህ ማሳከኩም ይቆማል፣ ዓይንም ይከብዳል። እንደ ሎራታዲን ያሉት አዲሶቹ መድኃኒቶች ወደ አንጎል ብዙም ስለማይገቡ እንቅልፍ ብዙ አያመጡም። ለሹፌር ይሄን ስጪ፣ ያንን አትስጪ የምንባባለው ለዚህ ነው።

አንጎል ውስጥ የእንቅልፍም የንቃትም ቦታ እንዳለ የጠቆመው ኮንስታንቲን ፎን ኢኮኖሞ የተባለ የቪየና ሐኪም ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሰውን ለሳምንታት የሚያስተኛ የአንጎል በሽታ ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቹ ታማሚዎች ደግሞ በተቃራኒው ጭራሽ እንቅልፍ አጡ። ሰዎቹ ሲሞቱ አንጎላቸውን መረመረ። ሲተኙ የነበሩት ጉዳታቸው አንጎል ሥር ካለው ሃይፖታላመስ ከሚባለው ቦታ ኋለኛ ክፍል አካባቢ ነው። እንቅልፍ ያጡት ጉዳታቸው ከፊተኛው ክፍል ነው። በኋላ ዘመን ሰዎች ሲያጠኑት ከኋላ በኩል የሂስታሚንና ኦሬክሲን የሚባል ሌላ የንቃት ኬሚካል ሴሎች ተገኙ፤ ከፊት በኩል ደግሞ በጋባ አማካይነት የንቃት ሴሎችን ዝም የሚያሰኙ።

ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ ይተፋፈናሉ። የንቃቶቹ ሲበረቱ የእንቅልፎቹን ያፍናሉ፤ የእንቅልፎቹ ሲበረቱ የንቃቶቹን ያፍናሉ። ልክ እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ መሀል ላይ አይቆምም። ለዚህ ነው እንቅልፍ ቆየት ቆየት ብሎ ድንገት «ይዞን የሚሄደው»። በ1998 ሁለት የምርምር ቡድኖች ያገኙት ኦሬክሲን ማብሪያው በሆነው ባልሆነው እንዳይገላበጥ ደግፎ ይይዛል። የኦሬክሲን ሴሎች የሚሞቱበት ናርኮሌፕሲ የሚባል ሕመም አለ። እንዲህ ያለው ሰው እያወራ፣ እየበላ እንቅልፍ ይጥለዋል። አንዳንዱ ሲስቅ ጉልበቱ ይከዳዋል። እንዲህ ያለ ሰው ካያችሁ ሰነፍ አትበሉት፤ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

አሁን ወደ ባጃጁ ልጅ ልመለስ። ማብሪያውን ወደ እንቅልፍ የሚገፋው ምንድን ነው?

አንዱ አዴኖሲን ነው። የነርቭ ሴሎች ሲሠሩ ኃይል ያቃጥላሉ። ከዚያ ኃይል የሚተርፈው አዴኖሲን ቀኑን ሙሉ አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል። የምድጃ አመድ እንደማለት ነው፤ ብዙ በነደደ ቁጥር ብዙ ይከማቻል። አዴኖሲን ተቀባዮቹ ላይ ሲያርፍ የንቃት ሴሎችን ያዳክማል። ድካም የምንለው ስሜት ትልቁ ድርሻ ይሄ ነው። ስንተኛ አመዱ ይጠረጋል። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ የተኛ የድሬ ሰው ማታ እስከ እኩለ ሌሊት የሚያመሸው አመዱን ቀን ስላራገፈው ነው።

ቡና እዚህ ጋ ነው የሚገባው። ካፌይን ቅርጹ አዴኖሲንን ይመስላል። ተቀባዩ ላይ ቁጭ ይላል፣ ግን አይከፍተውም። ቦታውን ብቻ ይይዛል። አዴኖሲኑ የትም አልሄደም፤ መቀመጫ አጥቶ ቆሟል። እናም ቡና ኃይል አይሰጥም፤ የድካሙን ወሬ ያስቆማል እንጂ። ካፌይን ከሰውነት በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ልጁ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የጠጣው ቡና ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ገና ግማሹ ውስጡ ነው። ሐረር ዘመድ ጥየቃ ስሄድ «ቡና አይደለም፣ ጠጪ» ብለው ከቡና ቅጠል የፈላ ቁጢ ያቀርቡልኛል። እወደዋለሁ። ግን ቅጠሉም ካፌይን አለው፤ ማታ ማታ እንቢ ብል ቅር አይበላችሁ።

ጫት ሌላ መንገድ አለው። ዋናው ንጥረ ነገሩ ካቲኖን ይባላል። በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ነው ከትኩስ ቅጠል ተለይቶ የታወቀው። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲኖኑ ደከም ወዳለ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ከአወዳይ የሚወጣው ጫት በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ውኃ ተርከፍክፎበት፣ መኪናው እንደዚያ እየበረረ የሚወስደው ለዚህ ነው። ሩጫው ከኬሚስትሪ ጋር ነው። በዚያ ፍጥነት መንገድ ላይ የሚቀረውን ሰው ሳስብ ግን ልቤ ይደማል።

ካቲኖን የነርቭ ጫፎች ውስጥ ይገባና የተከማቸውን ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ያስለቅቃል። ቀስ ብሎ ጠብ ጠብ ማለት የነበረበት ቧንቧ ይከፈታል። ምርቃና ማለት ይሄ ነው። ወሬው ይጥማል፣ ዕቅዱ ይሠምራል፣ ቤት ይሠራል፣ ውጭ አገር ይኬዳል። ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ረሃብ ይጠፋል። ከዚያ ቧንቧው ይቀንሳል። ድብርቱ፣ ብስጭቱ፣ ጠዋት «ኢጃባና (የጠዋት ጫት) ካልያዝኩ ዓይኔ አይገለጥም» ማለቱ ከዚህ ይመጣል። ጠዋት በጫት ዓይን መግለጥ የለመደ አንጎል ማብሪያውን ራሱ ማብራት ትቶ ቅጠሉን መጠበቅ ለምዷል ማለት ነው።

ስለዚህ ልጁ ሲጋደም ምን እየሆነ ነው? አዴኖሲኑ ሞልቷል፤ ሰውነቱ ሞቷል። ቡናው ግን ወሬውን አስቁሞታል። ጫቱ ደግሞ የንቃት ኬሚካሎቹን ቀስቅሶ ትቷቸዋል። ማብሪያው ወዴት ይገልበጥ?

ብዙዎች መላ የሚሉት ጨብሲ ነው። ምርቃናውን በመጠጥ መስበር። አልኮል የጋባን ሥራ ያበረታል፤ እውነትም ቶሎ ይጥላል። ግን የመጀመሪያውን የሌሊት ክፍል ያስተኛና ሁለተኛውን ይቆራርጠዋል። እንደ ዳያዜፓም ያሉት የእንቅልፍ ኪኒኖችም የሚሠሩት እዚያው ጋባ ላይ ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ ትንፋሽ ይዳከማል፤ ሰው ተኝቶ ሊቀር ይችላል። ያለ ማዘዣ አልሰጥም ስል ክፋት የሚመስለው ሰው ካለ ምክንያቱ ይሄ ነው፤ ከልቤ ነው የምለው።

አንድ የድሬ ነገር ሳልጨምር አላልፍም፤ ሙቀቱ። አንጎል ውስጥ 20,000 ገደማ ሴሎች ያሉት ሰዓት አለ። ብርሃን ከዓይን እየተቀበለ ቀንና ሌሊቱን ይቆጥራል። ሲመሽ ሜላቶኒን እንዲለቀቅ ያዛል። ሜላቶኒን ራሱ አያስተኛም፤ «መሽቷል» ብሎ ያውጃል። ከአዋጁ ጋር የሰውነት የውስጥ ሙቀት ዝቅ ማለት ይጀምራል፤ እጅና እግር ደም ሞልቶባቸው ሙቀቱን ወደ ውጭ ያስወጣሉ። ክፍሉ ራሱ እንደ ምድጃ ከሆነ ግን ሙቀቱ ወዴት ይውጣ? ግንቦትና ሰኔ ላይ አልጋ ወደ ግቢ የሚያወጡ፣ ወለል ላይ ውኃ የሚረጩ እናቶቻችን ሰውነቱን እየረዱት ነው። ሐረር ከፍታ ላይ ስለሆነች ይህ ችግር የለባትም፤ እዚያ ሄጄ የማድርባት ሌሊት ሁሉ እንቅልፌ የጠገበ ነው።

ለልጁ ኪኒን አልሰጠሁትም። የማታውን ቡና እንዲተው፣ ጫቱን ቢችል እንዲያቆም፣ ካልቻለ እየቀነሰ በጊዜ እንዲጨርስ፣ ካልተሻለው ሐኪም እንዲያይ ነገርኩት። «አብሽሪ» ብሎኝ ሄደ።

ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሶ መጣ። ፊቱ ጠርቷል። ጫት ካቆመ ሳምንቱ ነው። «እንቅልፉ መጣ እህቴ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ግን ዱካክ ይዞ መጣ።»

ይህን ለመመለስ እንቅልፍ ውስጥ ገባ ማለት ያስፈልጋል።

ሃንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ ከራስ ቆዳ ላይ ሆኖ መለካት እንደሚቻል በ1929 አሳተመ። በዚህ ዘዴ ሲታይ የነቃ ሰው ሞገድ ትንንሽና ፈጣን ነው። የከባድ እንቅልፍ ሞገድ ደግሞ ትልልቅና ዝግተኛ ነው፤ በሴኮንድ አራትና ከዚያ በታች። የተኛ አንጎል እንዴት ትልቅ ሞገድ ያወጣል? ሐረር ትኖር የነበረችው አያቴ ቤት ሆኜ ነው የገባኝ። ቤቷ ጀጎል ግንብ ውስጥ ነበር። ቀን ቀን ከገበያው የሚመጣው ድምፅ ሁሉም የየራሱን ስለሚያወራ እንደ ንብ ጉምጉምታ ብቻ ነበር። ሌሊት ዚክር (የሃይማኖት ዝማሬ) ሲኖር ግን ያው የሰው ቁጥር እንኳ ባይሆን፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲያጨበጭብና አንድ ላይ ሲያቆም ሦስት ሰፈር አልፎ ይሰማል። በከባድ እንቅልፍ የአንጎል ሴሎች እንዲህ ናቸው። አንድ ላይ ይነሣሉ፣ አንድ ላይ ዝም ይላሉ።

እንዲህ የሚያደርጋቸው የንቃት ኬሚካሎች መቀነስ ነው። አሴቲልኮሊንና ኖርአድሬናሊን ሲቀንሱ ፖታሲየም ከሴሎቹ በብዛት ይወጣል። የሴሉ ውስጥ ይበልጥ ኔጋቲቭ ይሆናል፤ በቀላሉ አይቀሰቀስም። የስሜት መልእክቶች የሚያልፉበት ታላመስም ወሬ ማሳለፉን ይቀንሳል። የጀጎል አምስቱ በሮች በድሮው ዘመን ሲመሽ ይዘጉ ነበር። በር ተዘጋ ማለት ግን ከተማው ባዶ ነው ማለት አይደለም።

ከዚያ በኋላ ሌሊቱ ላይ ሌላ ነገር ይመጣል። በ1953 አሰሪንስኪና ክላይትማን የተባሉ ተመራማሪዎች ተኝቶ ሳለ የሰው ዓይን ከቆብ ስር በፍጥነት የሚሯሯጥበት ጊዜ እንዳለ አሳዩ። ቀስቅሰው ሲጠይቁ ብዙው ሰው ሕልም እያየ ነበር። በዚህ ጊዜ አሴቲልኮሊን ተመልሶ ይመጣል፤ የሎዊው ኬሚካል። አንጎሉ የነቃ ያህል ይሠራል። ኖርአድሬናሊን፣ ሴሮቶኒንና ሂስታሚን ግን አልተመለሱም። ነቅቷል እንዳንል ተኝቷል፤ ተኝቷል እንዳንል ይሠራል።

ሕልሙን ተነሥተን እንዳንተውነው ከአንጎል ግንድ ትእዛዝ ይወርዳል። አከርካሪ ውስጥ ጡንቻን የሚያዙ ሴሎች ላይ ጋባና እንደ እሱ ዝም የሚያሰኝ ግላይሲን የሚባል ኬሚካል ይፈስሳሉ። ክንድና እግር ይዝላሉ። አንዳንዴ ታዲያ ንቃቱ ቀድሞ ይመለስና ዝለቱ ይዘገያል። ዓይን ተገልጧል። ክፍሉ ይታያል። ሰውነት ግን አይታዘዝም። ሕልሙም ገና አላለቀም፤ ጥግ ላይ የቆመ ነገር ይታያል፣ ደረት ላይ የተቀመጠ ነገር ይከብዳል። ዱካክ ይሄ ነው። አያቴ ለዱካክ ብላ ከትራሷ ስር ቢላ ታደርግ ነበር። ፍርሃቷ እውነተኛ ነበር፤ የምታየውንም አይታ ነው።

እንደ ጫት ያሉ አነቃቂዎች በጥቅሉ የሕልሙን እንቅልፍ ያሳንሱታል። ሲቆሙ አንጎሉ የቀረበትን ለማካካስ ይጣደፋል፤ ሕልሙ ይበዛል፣ ይከብዳል። «ያልቃመ ዱካክ ይመጣበታል» የሚባለው ወሬ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ብዙ ሰው ጫት አቁሞ በሳምንቱ የሚመለሰው ይሄ ሲያስፈራው ነው። ጫቱ እየተበቀለው ይመስለዋል። አንጎሉ ራሱን እያስተካከለ መሆኑን የሚነግረው የለም።

ይህን ሁሉ ለልጁ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልህ አለው። «ሁሉም ጡንቻ ከዛለ ትንፋሼስ? ያኔ እኮ ታፍኜ ልሞት መስሎኝ ነው የምጮኸው፣ ድምፄ አይወጣም እንጂ።»

ሁለት ነገር አይዝልም አልኩት። አንዱ የዓይን ጡንቻ ነው። ሌላው ከሳንባ ስር ያለው ትልቁ የመተንፈሻ ጡንቻ ነው። ደረትህ ላይ የከበደህ ሌሎቹ የደረት ጡንቻዎች ስላላገዙህ ነው። ትንፋሽህ አልተቋረጠም።

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። አንዴ በረጅሙ ሳበ። «ያን ጊዜ ሁሉ እየተነፈስኩ ነበር?»

አዎ አልኩት፤ ያን ጊዜ ሁሉ።